በስድሳ ቃል

እና ድምፁ፣ ያ ለስላሳ የሴት ድምፅ፣ የእኔን ዓረፍተ ነገር ነው የሚያነበው፣ ቃል በቃል፣ ረቂቅ አዋጁ የሕፃናት ማቆያዎችን የአገልግሎት ደረጃ ከፍ ለማድረግና የሕፃናትን ደኅንነት ለማረጋገጥ ያለመ ነው፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ማክሰኞ ከምሳ በፊት፣ ሆዴ እየጮኸ፣ አሁን ከእታለም ስልክ ወጥቶ በእኔ ስልክ ወደ ጆሮዬ ይገባል፣ ያስመለስኩትን በማንኪያ መልሰው የሚያጎርሱኝ ይመስለኛል።

ሰማሽ ሚጡ? ትላለች ታላቅ እህቴ፣ አንቺማ ሕግ የሚረቀቅበት ቤት ተቀምጠሽ አንድ ነገር ተንፍሰሽልኝ አታውቂም፣ ይኸው ስልኬ ነገረኝ፣ አዋጁ ቤቷ ውስጥ ልጅ የምትጠብቅ ሴትን የሚመለከት ነገር አለው ወይ ብዬ ጠየቅኩት፣ በማጠቃለያው አልተጠቀሰም አለኝ፣ ተገላገልኩ! ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕዝቡ አስተያየት ይስጥ ያሉት ስብሰባም አልሄድ፣ ሰባት ልጅ ለማን ጥዬ? እንደኔ ቤታቸው ልጅ ለሚጠብቁት ሴቶችም ነገርኳቸው፣ ለአሥራ አንዳቸውም፣ ተባረኪ አሉኝ። አንተ! ክዳኑን አስቀምጥ፣ አንቺን አይደለም፣ ይሄ ደግሞ ሱሪው ላይ ለቀቀው፣ በቃ ቻው።

አልተጠቀሰም። አልዋሸም እኮ፣ የሚያስጠላው እሱ ነው፣ ማንም አልዋሸም።

አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ፣ ከሦስት በላይ ሕፃናትን በመኖሪያ ቤቱ የሚጠብቅ ማንኛውም ሰው ለዚሁ ተግባር ብቻ የሚውል ሁለት መውጫ በር ያለው የተለየ ሕንፃ ከሌለው ሥራውን ያቆማል። እታለም ያላት በር አንድ ነው፣ እሱም ዝናብ ሲመታው አብጦ በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም፣ ሌላ ሥራ አታውቅም፣ እኔንም ያሳደገችኝ በዚያው በር ውስጥ ነው። ማክሰኞ አንብቤዋለሁ። አንብቤ እሷን አሰብኩ፣ ጻፍኩትም፣ ሰባ አራት ቃል ሆነና ማጠቃለያው የሚጻፍበት ሳጥን ቀላ፣ የሚፈቀደው ስድሳ ነው፣ ከስድሳ ካለፈ ይቀላል፣ ቆረጥኩ፣ ሳጥኑ አረንጓዴ ሆነ፣ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ! የአዋጅ ዓላማው ከፊት ነው፣ መዘዙ ከኋላ፣ እኛ የምንቆርጠው ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ ነው።

የመሥሪያ ቤታችን የሕግ መፈለጊያ ለሰው አልተሠራም፣ ለሰው ሠራሽ ረዳቶች ነው፣ ሰው ስልኩን ይጠይቃል፣ ስልኩ ውስጥ ያለው ረዳት የእኛን መፈለጊያ ይጠይቃል፣ መፈለጊያው ማጠቃለያዬን ያቀብለዋል። ሙሉው አዋጅስ? ተያይዟል፣ ግን ፎቶ ነው። አለቃችን ማህተም የሌለበት ወረቀት ወረቀት አይደለም ይላሉ፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ረቂቅ ይታተማል፣ ማህተም ይመታበታል፣ ተመልሶ ፎቶ ይነሣል፣ ተንጋዶ፣ አንዳንዴም ጠርዙ ላይ አውራ ጣታቸው አለ፣ መፈለጊያው ደግሞ ፎቶ አያነብም። ሁላችንም እናውቃለን። እያወቅን መፈለጊያው የተመረቀ ቀን ኬክ በልተናል፣ ክሬሙ ላንቃዬ ላይ እንደ ሳሙና ተለጥፎ የዋለ፣ ዛሬም ያለ ይመስለኛል።

ተነሺ። እነሣለሁ። እግሬ ሰነፍ፣ ልቤ ሰነፍ።

አለቃዬ ክፍላቸው ውስጥ ጥርሳቸውን በወረቀት ማያያዣ ይጎረጉራሉ፣ የጎረጎሩትን ያዩታል፣ ደግሞ ይጎረጉራሉ፣ ከጀርባቸው ማህተሙ ነው የምንላቸው። ጋሼ፣ የሕፃናት ማቆያው ማጠቃለያ አንድ ነገር ጎድሎታል። ማን አለ? እኔ። የጻፍሽውስ? እኔ። ታዲያ ራስሽን ልትከሺ መጣሽ? ይስቃሉ፣ ማህተሙን ያነሣሉ፣ ቀለሙ ደርቋል፣ ትፍ ይሉበታል፣ ይመታሉ፣ ምራቁ ወረቀቱ ላይ ያብረቀርቃል፣ ልጄ፣ የወጣ ነገር የሚነካው በደብዳቤ ነው፣ ሰኞ አምጪው እንፈርማለን። ጋሼ ስብሰባው ዛሬ ነው እኮ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ታዲያ ምን ችግር አለው፣ የመጣ ሰው ሙሉውን ያነባል።

የመጣ ሰው።

እሺ፣ እላለሁ። ከእሳቸው ምራቅ ይልቅ የእኔ እሺ ነው የሚያቅለሸልሸኝ፣ ሞቅ ያለ፣ ልስልስ ያለ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አፌ ውስጥ ሳመላልሰው የኖርኩት እሺ፣ ብተፋውም አያልቅም።

ወንበሬ ላይ ነኝ። ስምንት ሰዓት ከሩብ። ሳጥኑን መክፈት እችላለሁ፣ ሁላችንም እንችላለን፣ ባለፈው ያለ ደብዳቤ የከፈተችው ባልደረባዬ ግን አሁን መዝገብ ቤት ናት፣ ምድር ቤት፣ አቧራ ስትስል ደረጃው ላይ ይሰማል። ከፈትኩት። ዓላማውን አጠፋሁ፣ ያለመ ነው፣ ጥፋ አቦ፣ ለማረጋገጥ፣ ጥፋ፣ አንቀጽ አሥራ ዘጠኝን እንዳለ ገለበጥኩ፣ ከስድሳ በታች ነው፣ ለካ ይበቃው ነበር፣ ለካ ዓላማውን ብቆርጥ ይበቃ ነበር። ላክሁ። አረንጓዴ።

ግን ሴቶቹ ጠይቀው ጨርሰዋል፣ መልስ ያገኘ ሰው ደግሞ አይጠይቅም፣ አርፎ ይቀመጣል።

እደውልላታለሁ፣ እታለም። ምነው፣ ምን ሆንሽ? ስልክሽ ያነበበልሽን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እህ? ቤትሽን የሚዘጋ አንቀጽ አለ፣ አውቄው ነበር፣ ስድሳ ቃል አልበቃ ሲለኝ ቆርጬ ጣልኩት። ከኋላዋ ድስት ይደበደባል። ስደቢኝ፣ በእናትሽ ስደቢኝ፣ ከጉርሻዬ ከፍዬ ያሳደግኩሽ በይኝ፣ አትልም፣ ስንት ሰዓት ነው ትላለች፣ ስምንት ከሃያ፣ እሺ፣ ሰባቱንም አግተልትዬ እሄዳለሁ፣ እዚያው ያልቅሱባቸው። ለሴቶቹ ግን እኔ አልደውልም፣ በእኔ አፍ ነው እፎይ ያሉት፣ አንቺ ንገሪያቸው፣ ማን እንደሆንሽም ሳትደብቂ ንገሪያቸው፣ ሰማሽ? ሚጡ አላለችኝም።

የሴቶቹ ስልክ ቁጥሮች ከእታለም ይመጣሉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ አሥራ አንድ። የመጀመሪያውን እነካለሁ። ይጠራል። ከመሥሪያ ቤቱ ነው የምደውለው ማለት ይቻላል፣ መጠነኛ ስህተት ተፈጥሯል ማለት ይቻላል፣ ስህተቱ በራሱ እንደ ሻጋታ የበቀለ ይመስል፣ ወይኔ፣ አሁንም እኮ እያማረልኝ ነው፣ አሁንም ልቆርጥ ነው፣ ይጠራል፣ ባታነሣውስ፣ አታንሺው፣ አንሺው፣

ሃሎ፣ ትላለች አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት፣ ትከሻዋ ላይ የሆነ ሕፃን ያገሳል፣ ማን ልበል?

የእታለም እህት ነኝ፣ እላለሁ፣ ስለ አዋጁ የነገረችዎትን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እባክዎ እማማ፣ አይዝጉብኝ፣