የፋውስቲኖ አገጭ

ሰው ሲሞት ዙሪያው ገበያ ሲቆም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኤፒፋኒያ አይታለች፤ ያውም በገዛ ቤቷ፣ በገዛ አባቷ አልጋ ላይ። በቀኝ በኩል በምስጢር የሚሰበሰበው የፍሪሜሶን ማኅበር ሽማግሌዎች ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። በግራ በኩል የደብሩ ሴቶች መቁጠሪያቸውን ይዘው ተደርድረዋል። መሃል ላይ አባቷ ፋውስቲኖ፣ የሳን ሮሴንዶ ከተማ የድሮ ፋርማሲ ባለቤት፣ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት፣ ምላሱ ተሳስሮ ተጋድሟል። ሁለቱም ወገን ለእሱ ሲል እንቅልፍ አጥቻለሁ ይላል። ፊቱ ላይ ያረፈውን ዝንብ ግን እሽ ያለለት የለም።

ነገሩ ለከተማው አዲስ አይደለም። ሳን ሮሴንዶ ውስጥ ፍሪሜሶን አልጋ ከያዘ ቄሱ ይመጣና ማኅበሩን ክደሃል ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ከካደ ይቀባል፣ ይቆርባል፣ በደብሩ መቃብር ያርፋል። ካልካደ ከአጥሩ ውጪ፣ ወንዙ በየክረምቱ በሚያጥበው መሬት ላይ ይጣላል። ማኅበርተኞቹ ይህን ስለሚያውቁ፣ ወንድማቸው ራሱን በሳተበት ሰዓት ካደ ተብሎ እንዳይወራበት ተራ ገብተው አልጋውን ይጠብቃሉ። ሴቶቹ ደግሞ ቄሱን በር ላይ እንዳይመልሱባቸው ጠባቂዎቹን ይጠብቃሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰውዬው ነፍሱ ሳትወጣ እንደ ቅርጫ ስጋ ለሁለት ተመደበ።

ኤፒፋኒያ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጃፓኖቹ አገሩን ከመውረራቸው በፊት የሞተችው እናቷ የተኛችበት መቃብር ባለ ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ጎን ዛሬም ባዶ ነው። እናቷ በመጨረሻዋ ሰዓት የልጇን አንጓ ይዛ፣ «አባትሽን አጠገቤ አምጪልኝ፤ ወንዝ ዳር እንዳትጥይብኝ» ብላታለች። ኤፒፋኒያ እሺ ብላለች። ለሟች እሺ ያለ ሰው ደግሞ የት ይገባል? ባል ሳታገባ፣ ልጅ ሳትወልድ፣ ሃምሳ ዓመቷን የደፈነችው ያንን ባዶ ጎን በየዓመቱ በሙታን መታሰቢያ ቀን በኖራ እየቀባች ነው።

እሷም ብትሆን ማኅበሩን አትወደውም። ልጅ ሳለች የሰፈሩ ሕፃናት አባትሽ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ፍየል ይጋልባል፣ መስቀል ይረግጣል እያሉ ያበሽቋት ነበር። እሱን አላመነችም። አባቷ ፍየል ቀርቶ በቅሎ ላይ መውጣት የሚፈራ ሰው ነበር። ሆዷን የሚበላት ሌላ ነገር ነው። ሰው እንዴት ምን እንደሚምል ሳይነግሩት፣ ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ይምላል? ክርስቶስን ያህል ጌታ በር ላይ ትቶ ገብቶ፣ ውስጥ «ታላቁ መሐንዲስ» እያሉ ስም የለሽ አምላክ መጥራት ምን የሚሉት አምልኮ ነው? ለማኅበሩ ስብሰባ የሚታጠቃት ነጭ የቆዳ ሽርጥ የምትቀመጥበት ሻንጣ እንኳ ቁልፏ ከአንገቱ ወርዳ አታውቅም።

እናቷ ስለ ማኅበሩ አንድ ቀን ብቻ ነው የተናገረችው፤ ሩዝ እየለቀመች። «ክፉ ነው አልልም፤ አላየሁትማ። ግን አንድ አልጋ ላይ ስንት ዘመን ተኝተን ለእኔ ለሚስቱ የማይነገር ደግ ነገር ምን ዓይነት ደግ ነገር ነው?» አለች። ኤፒፋኒያ ይህን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከሆዷ አውጥታው አታውቅም። መልስም አላገኘችለትም።

ሽማግሌዎቹ ግን ሞልቷቸዋል መልስ። አለቃቸው ጋሼ ክሪሳንቶ ነው፤ ሰዓት ጠጋኝ፣ ቀጭን፣ የአባቷ የልጅነት ጓደኛ፣ እሷንም በሕፃንነቷ ትከሻው ላይ ያዞራት ሰው። ስፔኖቹ መነኮሳት የአያቶቻችንን ማሳ ሲወስዱ የጮኸው ማን ነበር? ማኅበሩ። ለእሱ ሲባል የተረሸነው ማን ነበር? ማኅበሩ። ታዲያ ዛሬ ተነስቶ አንድ ቄስ ወንድሜን ካድ ሲለው እጄን አጣጥፌ ልይ? ይህንኑ በየቀኑ ይናገራል፤ ሴቶቹ ሰምተው እንዲበሽቁለት ድምፁን ከፍ አድርጎ። የደብሩ ሴቶች አለቃ እትዬ ባሲሊሳ ደግሞ በዚያው ልክ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጸሎት ትደግማለች፤ ሰይጣን የሚለውን ቃል ስትጠራ ወደ ወንበሮቹ ዞር እያለች። ኤፒፋኒያ በመሃል የአባቷን የሽንት ጨርቅ ይዛ ስታልፍ ሁለቱም ወገን አፍንጫውን ይይዛል። ያኔ አስጠሏት። ጸሎቱም አስጠላት፣ ታሪኩም አስጠላት፣ ወንበራቸው ላይ የተዉት የላብ ቅርጽ ሳይቀር አስጠላት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼ ክሪሳንቶ የአባቷን ቀኝ እጅ ይዞ ሳለ ጮኸ። «ጨበጠኝ! በእኛ በማኅበርተኞቹ አጨባበጥ ጨበጠኝ!» ሽማግሌዎቹ ብድግ ብድግ አሉ፤ አንዱ አለቀሰ። ፋውስቲኖ አልካደም፣ ይኸው በእጁ መሰከረ ተባለ። ወይ ጉድ! ያ እጅ እኮ ከታመመ ጀምሮ ተኮራምቶ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚጨብጠው። አንሶላውንም ይጨብጣል፤ ማንኪያውንም ይጨብጣል፤ ጠዋት ደግሞ የቆሸሸውን ጨርቅ ጨብጦ አልለቅም ብሎ ስትታገለው ነበር። ኤፒፋኒያ ይህን ለሚያለቅስ ሽማግሌ እንዴት ብላ ትንገረው?

በማግስቱ ጠዋት የደብሩ ቄስ አባ ገርቫሲዮ እንደሚመጡ ተሰማ። እትዬ ባሲሊሳ ገና በሌሊቱ ገስግሳ መጥታ፣ ከአልጋው ራስጌ የነበረውን የውሃ ብርጭቆ አንስታ መስኮቱ ላይ አስቀምጣው ነበር። ሊቆርብ ነዋ! የሚቆርብ ሰው አፉ ውሃ እንኳ አይገባበትም። ኤፒፋኒያ ብርጭቆውን ልታነሳ ስትል ያዘቻት።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ከቁርባን ርቆ ኖሮ፣ ዛሬ በአንድ ጉንጭ ውሃ ልታበላሺበት ነው?»

ኤፒፋኒያ እጇን መለሰች። ሕጉን እሷም ታውቀዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጾመው የኖረችው ነው። ደግሞ ያ ባዶ ጎን አለ። ዛሬ አንድ ነገር ቢበላሽ ሌላ ቀን ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ብርጭቆውን እዚያው ተወችው።

ዝናብ ያዘለ የታፈነ ቀን ነበር። የአባቷ ከንፈር ተሰነጣጠቀ፤ ምላሱ አፉ ውስጥ ደርቆ ሲንቀሳቀስ ይሰማታል። ከታመመ ወዲህ እሷና እሱ የሚግባቡበት አንድ ምልክት ነበራቸው፤ ውሃ ሲጠማው አገጩን ደረቱ ላይ ጣል ያደርጋል። ይህን ሌላ የሚያውቅ የለም፤ ሌላ ሰው አጠጥቶት አያውቅማ። ያን ቀን ጠዋት አገጩ ስንት ጊዜ ወደቀ! እሷም በየጊዜው ግንባሩን እየዳበሰች «ትንሽ ታገሠኝ አባባ፣ አሁን ይመጣሉ» ትለዋለች። ጋሼ ክሪሳንቶ እጁን እንደያዘ ነው። ሴቶቹ እየደገሙ ነው። ብርጭቆው መስኮቱ ላይ ነው።

አባ ገርቫሲዮ ላብ በላብ ሆነው፣ ያበጠ እግራቸውን እየጎተቱ ደረሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደክሟቸዋል። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ቆመው መንገድ ሊከለክሉ ሲሉ ኤፒፋኒያ ቤቱ የእኔ ነው ብላ ቄሱን አስገባቻቸው። ጋሼ ክሪሳንቶ ግን ከአልጋው አልተነሳም።

«አባ፣ ሰውዬው መናገር አይችልም። አንደበት የሌለውን ሰው ጠይቆ መልስ መስማት እንዴት ይሆናል?»

ምልክት ይበቃል አሉ አባ። ኤፒፋኒያ ከኋላ ገብታ የአባቷን ራስ ክንዷ ላይ አስደገፈችው። ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው ከመጽሐፋቸው ላይ ጎንበስ ብለው አነበቡ፤ የፍሪሜሶንን ማኅበር ክደህ፣ መሐላውን ጥለህ፣ ወደ እናትህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትመለሳለህን?

የፋውስቲኖ አገጭ ደረቱ ላይ ወደቀ።

«ነቀነቀ!» አለች እትዬ ባሲሊሳ። ሴቶቹ ዕልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፤ መቁጠሪያ ይስማሉ፣ ይተቃቀፋሉ። ጋሼ ክሪሳንቶ ቆመ። ራሱ ወድቆ ነው አለ፤ ይልቅ በዚህ በያዝኩት እጁ አጥብቆ ጨብጦኛል፣ አልክድም እያለኝ ነው አለ። እሷ ውሸታም አለችው፤ እሱ አሮጊት ጠንቋይ አላት። በሽተኛው ራስጌ ላይ የቡና ቤት ጠብ ሆነ። ምራቃቸው አንሶላው ላይ ሲረጭ ኤፒፋኒያ በዓይኗ አየችው።

አባ ገርቫሲዮ ዝም በሉ አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እሷ ዞሩ።

«እኔ ዓይኔ መጽሐፉ ላይ ነበር። ራሱን የያዝሽው አንቺ ነሽ። ከእነዚህ ከሁለቱም ይልቅ አንቺን አምናለሁ። አባትሽ ነቅንቋል?»

ኤፒፋኒያ የአባቷ ራስ ክንዷ ላይ ሲከብዳት ይሰማታል። የጠየቀው ውሃ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የሚለምነው ውሃ ነው፤ ያንን ደግሞ እዚህ ቤት ውስጥ የሚያውቁት እሱና እሷ ብቻ ናቸው። እውነቱን ብትናገር ወንዝ ዳር ነው። እናቷ ጎኗ ባዶ እንደሆነ ትቀራለች። እሱ ማኅበሩን ከሚስቱ ከደበቀ፣ አንድ ቀን ለሚስቱ ሲባል ቢዋሽበት ምን አለበት? ይሄን ሁሉ አሰበችው፤ ለማሰብም ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም። ኋላ ከሁሉ በላይ ያስጠላት ያ ነው፤ ምን ያህል ቶሎ እንደመጣላት።

«አዎ አባ፣ ነቅንቋል» አለች። «ሲጠየቅ ሰምቶ ነው የነቀነቀው።»

አባቷ ጆሮው ደህና ነበር። ከዚያ ግማሽ አካሉ ጋር አልሞተም። ዓይኑን ቀስ ብሎ ወደ ላይ አንስቶ አያት፤ ራሱ ክንዷ ላይ ስለሆነ ከስር ወደ ላይ፣ በጣም ከቅርብ። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። ሌባ ቤቱ ውስጥ አግኝቶ፣ ሌባው የገዛ ልጁ መሆኗን እንዳየ ሰው ነው ያያት።

አባ ቀቡት። የቁርባኑን ቁራሽ በተከፈተው አፉ ውስጥ አኖሩለት። ቁራሹ የደረቀው ምላሱ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ይውጠው ዘንድ ምራቅ የለውም።

«ውሃ ስጡት እንጂ!» አሉ አባ። «ምን ነካችሁ፣ አፉ እንዲህ እስኪደርቅ?»

«ይቆርባል ብለን... ጾም...» አለች እትዬ ባሲሊሳ።

«የሚሞት ሰው ምን ጾም አለበት? ማነው ይህን ያላችሁ?»

እትዬ ባሲሊሳ መቁጠሪያዋ ላይ አቀረቀረች። ኤፒፋኒያ ሮጣ ብርጭቆውን አመጣች፤ በማንኪያ አድርጋ ከንፈሩ ላይ አስጠጋችለት። አባቷ አፉን ገጠመ። ውሃው በአገጩ ወርዶ አንገቱ ላይ ፈሰሰ። አባባ ውሃ ነው እኮ አለችው፤ ደግማ ሞከረች፤ ጥርሱን ነከሰ። ቁርባኑን በውሃ እንዳያጥበው ነው፣ ምን ያለ መንፈሳዊነት ነው ስትል እትዬ ባሲሊሳ ከጀርባ ተሰማች። ኤፒፋኒያ ብርጭቆውን ፊቷ ላይ ልትደፋባት ምንም አልቀራት።

ያኔ ጋሼ ክሪሳንቶ ማንኪያውን ከእጇ ወሰደ። ከንፈሩ ጋ አደረሰለት። ፋውስቲኖ አፉን ከፍቶ ጠጣ። እስኪያልቅ ጠጣ፤ በየማንኪያው መሃል አገጩን ደረቱ ላይ እየጣለ፣ ጉሮሮው እየጮኸ ጠጣ። ያን ሁሉ ሰዓት እጁን ይዞ ተቀምጦ ጥማቱን ያላየ ሽማግሌ፣ አሁን ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ፤ አንዴ ብርጭቆውን፣ አንዴ የጓደኛውን አገጭ፣ አንዴ እሷን አየ። ሁሉም ነገር ገባው። ግን ለቄሱ አልተናገረም። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ፋውስቲኖ ከዚያ በኋላ ብዙ አልሰነበተም። የሰነበተውም ለቤቱ ልብስ ከምታጥበው ሴት እጅ እየጎረሰ ነው። ኤፒፋኒያ ገንፎውን ታበስላለች፣ ታቀዘቅዛለች፣ ከዚያ በሩ ላይ ቆማ ሌላ ሰው ሲያጎርሰው ታያለች።

ቀብሩ ደማቅ ነበር። ደወል ተደወለ፣ ሴቶቹ ነጭ ለብሰው ዘመሩ፤ ከፍሪሜሶን የተነጠቀች ነፍስ ተብሎ ከሌላ ደብር ሳይቀር ሰው መጣ። ባዶው ጎን ተሞላ። እትዬ ባሲሊሳ የአባትሽን ነፍስ አዳንሽ ብላ ሁለት ጉንጯን ሳመቻት፤ ኤፒፋኒያ መሃረቧን አውጥታ እዚያው ፊት ለፊቷ ጠረገችው። ሴትዮዋ እንባ መሰላት።

ማኅበርተኞቹ ወደ መቃብሩ አልገቡም፤ በሩ ላይ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ኤፒፋኒያ ስትወጣ ወደ ጋሼ ክሪሳንቶ ሄደች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደምታደርገው አጎንብሳ እጁን ይዛ ለአክብሮት ወደ ግንባሯ አስጠጋች። አልነጠቃትም። ቀና እስክትል ጠበቀ። የእሱም ሚስት እዚያው አጥር ውስጥ፣ ሦስት መቃብር አለፍ ብላ ነው የተኛችው።

«እናትሽ ደስ ይላታል» አላት። «እኔ አልፈርድብሽም፤ ሰውም አልነግርም። የእኔ ቀን ሲደርስ ግን፣ አደራሽን ልጄ፣ ቤቴ እንዳትመጪ።»

እሺ ጋሼ አለችው።