ዶክተር አግማስና የማይነቃነቀው ፒክ

ሀኒ ዶክተር አግማስን የናቀችው ቀስ በቀስ ነው። ደሴ ላይ ኬሚስትሪ ሲያስተምራት ፈራችው፤ የማስተርስ ጥናቷ አማካሪ ሆኖ ሲመደብ ታገሠችው፤ ጠጋ ብላ ስታየው ግን ናቀችው። ለነገሩ ለሰውዬው ንቀትም ይበዛበታል። ደሴ ውስጥ ስለ ግኝቱ ያልሰማ ቢኖር መስማት የተሳነው ብቻ ነው።

ግኝት የሚለው ከሐርቡ በመጣ ቅጠል ውስጥ ከሀኒ ጋር ያገኙትን ንጥረ ነገር ነው። ሞለኪውሉ የሃይድሮጂን ቦንዱን፣ ማለትም ማያያዣውን፣ በራሱ ጉያ ይሠራል፣ ጎረቤቱን አይነካም ባይ ነው ዶክተሩ። እውነቱን የሚለየው ኮምቦልቻ ላቦራቶሪ ያለው የኤን ኤም አር ማሽን ነበር። ናሙናው በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ገብቶ ሲነበብ ሃይድሮጂኑ ስክሪኑ ላይ «ፒክ» የሚሉት ሹል ጫፍ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ናሙናው በፈሳሽ ይቀጥንና እንደገና ይነበባል። ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ከነበር፣ ሲራራቁ ፒኩ ቦታውን ይለቃል፤ ቦንዱ የውስጥ ከሆነ ግን ንቅንቅ አይልም። ዶክተሩ ይህን ሳይሞክር ግኝቱን በሬዲዮ አስነግሯል። ላልተወለደ ልጅ ስም ማውጣት ልማዱ ነው።

ከአዲስ አበባ ፈታኟ ዶክተር አባይነሽ ሙከራውን በዓይኔ ልይ ብለው በመጡበት ጠዋት ዶክተር አግማስ ሀኒን ወደ ጥግ ጠራት።

«ያቀጠንሻትን ቱቦ ኪስሽ ውስጥ አቆዪያት። እኔ የመጀመሪያዋን ሁለቴ አስገባታለሁ። መመረቅ ትፈልጊያለሽ አይደል?»

ትፈልጋለች። እናቷ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ እየሠራች ያስተማረቻት ለዚህ ቀን ነው፤ ያለ እሱ ፊርማ ደግሞ ምርቃት የለም። «እሺ» አለች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ራሷንም ናቀች።

ዶክተሩ ቱቦዋ እንዳትበላሽ ብሎ ከደሴ በበረዶ ሳጥን ይዟት የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። በረዶ የሚያሻው ነገር ግን አልነበረም።

«ዶክተር፣ ቦንዱ በሙቀት ይላላል፤ ፒኩም ይሸሻል፤ ከማንበባችን በፊት ቅዝቃዜዋ ይውጣላት» አለችው።

«የኮምቦልቻ ልጅ! ሙቀት ናፈቀሽ?» ብሎ ሳቀባት።

ቱቦዋን እንደቀዘቀዘች አስገባት። ፒኩ ወጣ። አወጣትና በጡጫው ጨብጧት ንግግር ጀመረ፤ ስለ ወሎ ቅጠላ ቅጠል፣ ስለ ሳይንስ፣ ከሁሉም በላይ ስለ ራሱ። ሰውዬው አፉን ከከፈተ መዝጊያ የለውም። ቱቦዋ እዚያው መዳፉ ውስጥ እንደ እንቁላል ታቅፋ ሞቀች። በመጨረሻ ጀርባውን ሰጥቶ ሌላ ቱቦ የሚያነሣ መሰለና ያችኑ መልሶ አስገባት።

ፒኩ ወደ ቀኝ ሸሸ፤ ያውም በደንብ ሸሸ።

«ተንቀሳቀሰ» አሉ ዶክተር አባይነሽ። «እንግዲህ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ነው የተያያዙት። የውስጥ ቦንድ አይደለም።»

«ሊሆን አይችልም!» ብሎ ጮኸ። «ያችው ቱቦ ናት እኮ!»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል።

«የትኛዋ ያችው?» አሉ ሴትዮዋ በዝግታ።

ዶክተር አግማስ ላቡን ጠረገና ጣቱን ወደ ሀኒ ቀሰረ። «እሷ ናት! ቱቦዎቹን ያቀያየረችው እሷ ናት!»

ሀኒ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ እሱ ልታፍርለት ተዘጋጅታ ነበር። አሁን ግን ሀፍረቱ ተዋት። ሌላዋን ቱቦ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ያቀጠንኳት ይቻት። እንዳላወጣት ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው። እኔም ለምርቃቴ ብዬ እሺ ብያለሁ።»

ዶክተር አባይነሽ ሁለቱም ቱቦዎች እኩል እስኪሞቁ ጠብቀው ተራ በተራ አነበቧቸው። የቀጠነችው ቱቦ ፒክ ከሌላዋ ይበልጥ ርቆ ሄደ። ግኝት የተባለው ነገር እዚያው ሞተ።

«ዝም ማለትሽ አንቺንም ያስጠይቅሻል» አሏት። «ምርቃትሽ ይዘገያል።»

«ይዘግይ።»

ዶክተር አግማስ የበረዶ ሳጥኑን አንሥቶ ወደ በሩ እየሄደ ዞር አለ። «ይዘግይ? እኔ ሳልፈርምልሽ የት ልትደርሺ ነው?»

ሀኒ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«አንተ የፈረምክበትን ይዤስ የት ልደርስ ነው?» አለችው።

አንቱታው የት ቀረ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።