የደንበኛዋ ለቅሶ

«እርስዎስ በምን ያውቁት ነበር?» አለቻት ልብስ ሰፊዋ፣ ከቴርሞሱ ሻይ እየቀዳችላት።

ፋርማሲስቷ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ጥያቄው መምጣቱ እንደማይቀር ታውቅ ነበር፤ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ መልሱን ስትለማመድ ነው የቆየችው።

«ደንበኛው ነበርኩ» አለች።

«እሱማ ከደንበኛ በቀር ማን ነበረው» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ቴርሞሱን ይዛ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

የተቀመጡት በልብስ ሰፊዋ ተጎታች ቤት ውስጥ ነበር። ከከተማው ዳር፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ እንዲህ ያሉ ባለጎማ ቤቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ሲሠሩ ለሽርሽር የታሰቡ ነበሩ፤ እዚህ ያሉት ሰዎች ግን ሌላ ቤት ስለሌላቸው ኑሯቸውን አድርገውባቸዋል። የሟቹ ቤት ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ደጅ የሚቀርበት ስለሆነ ለቅሶው ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሆነ። የስፌት መኪናዋን ወደ ጥግ ገፍታ፣ ከየጎረቤቱ ወንበር ለቃቅማለች፤ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ተቀምጧል።

ሟቹን ሜዳው ሁሉ «ጋሽ ሽቦ» ይለው ነበር። ስሙን ያወጣለት ሥራው ይሁን ቅጥነቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። የተጎታች ቤቶችን መብራት ይዘረጋል፣ የደከመ ባትሪ ይቀይራል፣ ኢንቨርተር ይገጥማል፤ የባትሪውን ጉልበት ተቀብሎ ፍሪጅና ካውያ የሚያሠራ መብራት አድርጎ የሚሰጠውን ሳጥን ማለት ነው። አንድ ማታ ደህና እደሩ ብሎ ገባ፤ ጠዋት በሩን ሳይከፍት ቀረ።

ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር የቅርብ ወዳጁ ነበር። ሰው በመጣ ቁጥር ጨዋታውን ከመጀመሪያው ይጀምርለታል። «እኔን የሚቆጨኝ» አለ፣ «አንድ ልጅ እንኳ ሳይተካ መሄዱ ነው። አንድ ቀን ‘አንተ ሰውዬ፣ እውነት አልወለድክም?’ ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‘እኔ የወለድኩት ባትሪ ነው፤ ሲደክማቸው ብቻ ነው የሚጠሩኝ።’»

ሰዎቹ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ፋርማሲስቷም አብራቸው ሳቀች። ሳቋ ለራሷ ጆሮ ሲሰማት ፊቷ ጋለ፤ ብርጭቆው ውስጥ የምታየው ነገር ያለ ይመስል አንገቷን ደፋች።

ምክንያቱም ጋሽ ሽቦ አባቷ ነበር።

ስልክ የደወለላት ይኸው ሾፌር ነው። ሰውየው ዘመድ ስለሌለው ስልኩ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ እየደወሉ ማርዳታቸው እንደሆነ ነገራትና «ደንበኛው ነዎት መሰለኝ» አላት። እሷም አዎ አለች። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሰው ቆሞ ይጠብቃታል፤ የያዘችውን ማዘዣ አንብባ፣ መድኃኒቱን አውርዳ፣ ከምግብ በኋላ እንደሚወሰድ አስረድታ ሰጠች። ከዚያ ጓዳ ገብታ በካርቶኖቹ መሃል ቆመች። ለባሏ የሥራ ባልደረባዋ አባት ሞተዋል አለችው። ቀብሩም ላይ ከመኪናዋ አልወረደችም፤ ሰው እስኪበተን ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ጠበቀች።

ያሳደጋት ብቻውን ነው። እሷ ገና ጡት ሳትጥል እናቷ ሞተችባቸው፤ እሱም ሥራ ወዳለበት ሁሉ ቤቱን እየጎተተ፣ እሷን ከፊት ወንበር አስቀምጦ ሲዞር ኖረ። አልጋ ሥር ተኝቶ ሲሠራ መሣሪያ የምታቀብለው እሷ ነበረች። ካቻቢቴና ፒንሳ ለይታ ያወቀችው ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ልጆቹ «ቤትሽን ሌባ ጎትቶ እንዳይወስደው» እያሉ ይስቁባት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ሊወስዳት ሲመጣ አንድ መንገድ አልፎ እንዲጠብቃት ለመነችው። ለምን አላላትም። አንድ መንገድ አልፎ ይጠብቃት ጀመር።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ የዛሬውን ባሏን ያወቀች ጊዜ፣ ቤተሰቦቹ ምሳ ጠሯት። ነጭ ጠረጴዛ ልብስ፣ ግድግዳውን የሞላ መጽሐፍ። የልጁ አባት በፍቅር «አባትሽ ምን ይሠራሉ ልጄ?» ብሎ ሲጠይቃት፣ ሳታስበው «መሐንዲስ ነበር፤ ሞቷል» አለች። ሁሉም አዘኑላት። እናትየው ከመቀመጫዋ ተነስታ አቀፈቻት። በማግስቱ ማስተባበል ይቻል ነበር፤ በሳምንቱም ይቻል ነበር። ከሠርጉ በኋላ ግን የሚቻል አልሆነም። ለአባቷ፣ ያለ ድግስ ፈርመን ተጋባን አለችው። ደስ አለው፤ «ጣጣ የሌለው ነገር ጥሩ ነው» አላት።

በለቅሶው በሁለተኛው ቀን ሲዘንብ ዋለና የልብስ ሰፊዋ ቤት ጨለመ። ጋሽ ሽቦ ከመሞቱ በፊት የጀመረው የመጨረሻ ሥራ የልብስ ሰፊዋ ነበር። ጆሮ የሚያደነቁረው ጄኔሬተር ቀርቶላት በኢንቨርተር እንድትሰፋ ነው የፈለገው። ሳጥኑን ከመቀመጫው ሥር አጥብቆ ገጥሞታል፤ አሮጌውን ሽቦ ነቅሎታል፤ ወፍራሙ አዲስ ሽቦ ግን እንደተጠቀለለ ቀርቷል። ሾፌሩ በጨለማ መቀመጡ አንገበገበውና፣ የተነቀለውን ቀጭን ሽቦ አንስቶ ባትሪው ላይ ሊያስረው ተንበረከከ።

ፋርማሲስቷ ዝም ልትል ፈለገች። አሁን ተነስታ ብትሄድ ማንም ምንም አይላትም። ሾፌሩ ግን ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ።

«እሱን አይሰሩት» አለች። «ይቃጠላል።»

ሾፌሩ ቀና ብሎ አያት። «እስኪነቀል ድረስ መብራት ሲያበራ የነበረ ሽቦ ነው እኮ።»

«ለመብራት ይበቃ ነበር። ኢንቨርተሩ ግን ሲጎትት በኃይል ነው። ካውያ የሰኩ ዕለት ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳቱ ከዚሁ መቀመጫ ይጀምራል።»

ጃኬቷን አውልቃ ወንበሯ ላይ ጣለችና ከሾፌሩ አጠገብ ተንበረከከች። ወፍራሙን ሽቦ ፈታችው። ርቀቱን በክንዷ ለክታ፣ ባጠረ ቁጥር ይሻላል ብላ፣ ትርፉን ቆረጠች። ጫፎቹን ልጣ ብሎን የሚገባበትን የመዳብ ጆሯቸውን አጥልቃ ጨመቀቻቸው። ፊውዙን ለባትሪው አስጠግታ አሰረች። ፖዘቲቩን አስቀድማ ኔጋቲቩን ስታስነካ ጠቅ ብሎ ብልጭታ ወጣ፤ ሾፌሩ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ እሷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ልጅ ሆና በዚህ ብልጭታ ስታለቅስ አባቷ «አይዞሽ፣ ሰላምታ ነው፤ መተዋወቃቸው ነው» ይላት ነበር። ቁልፉን ስትጫን መብራቱ በራ፤ ፍሪጁም ማጉረምረም ጀመረ።

ልብስ ሰፊዋ ፎጣ አቀበለቻት። «ማን አስተማረዎት?»

«አባቴ።»

«በሕይወት አሉ?»

«ሞቷል» አለች። ይህን ቃል ለዓመታት ስትለው ኖራለች፤ እውነት ሆኖ ከአፏ ሲወጣ ግን የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በላይ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ግን ሰዎቹ መብራቱን እያዩ ሲያመሰግኗት እንደገና ዘጋችው። ባለሙያ ደንበኛ አሏት። እሷም ምስጋናውን ተቀብላ ተቀመጠች።

እዚያ ተቀምጣ እጇን ስታብስ፣ አባቷን ለመጨረሻ ጊዜ እንዲህ ተንበርክኮ ያየችው ትዝ አላት። የባሏ አባት ጡረታ ሲወጣ የሽርሽር ተጎታች ገዝቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ ባሏና እሷ ምሳ ሊበሉ ሲሄዱ፣ ግቢው ውስጥ በቆመው ተጎታች በር ሁለት እግር ወደ ውጭ ወጥቶ አየች። ጫማውን አወቀችው። ራሴን አሞኛል ብላ ወደ ቤት ገባች። የባሏ እናት ግን ለሠራተኛው ውሃ እንድታደርስለት ሰጠቻት። ይዛ ሄደች። አባቷ ከአልጋው ሥር ወጥቶ ቁጭ አለ። አቧራ የጠጣ ሽበቱን በክንዱ ጠረገና አያት። ባሏ ከኋላዋ ቆሟል።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤት» አላት። «እዚያ ላይ ያስቀምጡልኝ፤ እጄ ቆሻሻ ነው።»

የገዛ አባቷ «እርስዎ» ብሎ አነጋገራት። ብርጭቆውን አስቀምጣ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ስትደውልለት ሥራ በዝቶብኛል ይላት ነበር፤ ድምፁ ላይ ቅሬታ ፈልጋ አጣች። ወደዚህ ሜዳ የተዛወረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ አቆመ፤ በሩ ተከፍቶ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ደጅ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማና አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። የባሏ አባት ነበር። ስልክ የተደወለው ለደንበኞቹ ሁሉ መሆኑን ረስታ ነበር።

ሽማግሌው ሁሉንም በየተራ ጨብጦ፣ ሟቹ እጁ ያረፈበት ሥራ እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንዳላስቸገረው እየተናገረ እሷ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ፊቱ በራ።

«አንቺም መጣሽ? ውሃ የሰጠሽውን ሰው ሳትረሺ!» ወደ ተቀመጡት ዞረ። «የልጄ ሚስት ናት። እንዲህ ናት እሷ።»

አጠገቧ ተቀመጠና ያን ቀን ሰውየው ሲሠራ የሠርጉን ፎቶ አውጥቶ እንዳሳየው አወራ። ሰውየው ፎቶውን ብዙ አይቶ የሙሽራዋ ወገኖች የት እንዳሉ ጠየቀ፤ እሱም አባቷ መሐንዲስ እንደነበርና እንደሞተባት ነገረው።

«ይኼኔ መሣሪያውን አስቀመጠ» አለ ሽማግሌው። «ኋላ ‘ለመሆኑ ደህና አድርጎ አሳድጓታል?’ ብሎ ጠየቀኝ። ይኼማ ይጠየቃል ወይ፣ እንዲህ ያለች ልጅ እንዲሁ በዋዛ ትገኛለች እንዴ አልኩት። ደስ ብሎት ሳቀ። ለማያውቀው ሰው እንዲያ ደስ የሚለው ሰው አይቼ አላውቅም።»

እንግዲህ ውሃውን ይዛ ስትሄድ ሁሉን ሰምቶ ጨርሶ ነበር። የሰማው ከእሷ አፍ አይደለም፤ ፎቶ እያሳዩ ነው የነገሩት።

ሽማግሌው መልስ አልጠበቀም። ራሷን ብትነቀንቅ ይበቃል፤ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥላል። አልነቀነቀችም።

«አባባ» አለች። «አባቴ ነው።»

«ማን?»

«እሱ። ጋሽ ሽቦ። መሐንዲስ አልነበረም። ያን ጊዜም አልሞተም ነበር።»

ሽማግሌው ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ሾፌሩ ከመስኮቱ ሥር ተነሳ። «እሱ ልጅ የለኝም ብሎናል» አለ፣ እንደሚጣላ ሰው።

«ለእኔ ብሎ ነው።»

«ምን አድርጎሽ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ ለማወቅ ፈልጋ ነው።

ፋርማሲስቷ የሚያድናት ምክንያት ፈለገች። ቢመታት፣ ቢጠጣ፣ ጥሏት ቢሄድ ኖሮ ትናገር ነበር። «ምንም አላደረገኝም» አለች። «አፍሬበት ነው።»

በሌላ ጎኗ የተቀመጠችው ሴት እግሯን ሰበሰበች። ማንም አይዞሽ አላላትም፤ እሷም አልጠበቀችም። የባሏ አባት ደጅ ልውጣ ብሎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ደረጃዋን ወረደ። በተከፈተው በር ታየዋለች፤ መኪናው ዘንድ ደርሶ፣ እጁን ጣሪያው ላይ ጭኖ፣ ሳይገባም ሳይመለስም ቆሟል።

በዚህ መሃል የዝናብ ካፖርት የለበሰ አንድ የማይታወቅ ሰው በሩ ላይ ብቅ አለ። ከሩቅ መምጣቱን፣ ከዓመታት በፊት ጋሽ ሽቦ መንገድ ላይ ቆሞ የተበላሸ ባትሪውን እንደሠራለት፣ መርዶውን ዘግይቶ መስማቱን እያለከለከ ተናገረ። ከዚያ ፊቶቹን ቃኘና የትኛውን እንደሚያጽናና ግራ ገባው።

«የቤቱ ሰው ማን ነው?» አለ።

ሁሉም ሾፌሩን አዩ። ሾፌሩ አልቸኮለም። ፋርማሲስቷን ረጅም ጊዜ አያት።

«እሷ ናት» አለ በመጨረሻ። «ልጁ ናት።»

እንግዳው መጣና እጇን ጨበጣት። «እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ። ደግ አባት ነበረሽ» አለ፤ እጁን መልሶ ወደሚቀጥለው ሰው ሊያልፍ ሰውነቱን አዞረ። እሷ ግን አልለቀቀችውም። በሁለት እጇ ይዛ፣ ግንባሯን ጣቶቹ ላይ ደፋች፤ ሰውየው ምን እንደሆነ ባይገባውም፣ እንደዞረ ቆመላት።