ከስንዝር የማያልፍ ሌንስ

ይህች ልጅ ዳግመኛ እንጦጦ ላይ ብትወድቅ ማን ይደርስላታል? ወይዘሮ ጋዲሴ ይህን ጥያቄ ከነሐሴ ጀምሮ ሲያገላብጡት ከርመዋል፤ መልስ ግን የላቸውም። የልጅ ልጃቸው ለሊሴ ቢራቢሮ በቪዲዮ ስትቀርጽ ከገደል ተንሸራታ፣ እግሯ ተሰብሮ፣ ቅጠል ለቃሚ ሴቶች እስኪያገኟት ድረስ ግማሽ ቀን ዝናብ ሲወርድባት ዋለች። አሁን እግሯ ከዳነ ወር አልፎታል። የግቢው በር ቁልፍ ግን ከአያቷ ሹራብ ኪስ አልወጣም። ልጅቱ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከሰፈራቸው ከሲግናል ርቃ የምትሄደው አያቷ አብረዋት ሲሆኑ ብቻ ነው።

ኅዳር ላይ አንድ ብልሃት መጣላቸው። ካሜራ አፍ ላይ የሚገጠም፣ ትንኝን በግ የሚያሳክል ሌንስ አለ ሲባል ሰሙና፣ ጉርድ ሾላ የካሜራ ዕቃ የሚሸጠውን የጎረቤት ልጅ ኢታናን ራሳቸው ጠሩት። ጉንዳን እንደሆነ ግቢውን ሞልቶታል፤ ምን ቆርጧት ጫካ ትወጣለች?

ኢታና ሦስት ክብ ሌንሶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

«የካሜራ መነጽር ይበሉት፣ እማማ። እንደ እርስዎ ማንበቢያ ቁጥር አለው። ፕላስ አንድ፣ ፕላስ አራት፣ ፕላስ አስር።»

«ፕላስ አንድ ይበቃኛል» አለች ለሊሴ ቶሎ ብላ። «ሜትር ያህል ርቄ እቀርጽበታለሁ፤ ቢራቢሮው አይበረግግብኝም።»

«አስሩስ?» አሉ ወይዘሮ ጋዲሴ።

«እሱ አፍንጫው ሥር ያለውን ብቻ ነው የሚያየው» አለ ኢታና። «ከስንዝር ወዲያ ያለው ሁሉ ጉም ነው።»

«ተራራውም?»

«ተራራው ቀርቶ እኔም አልታይም።»

«እንግዲያው አስሩን ስጠን።»

ለሊሴ ሳቅ አለች፤ ደስ ብሏት ግን አልነበረም። «አኮ» አለች፣ አያቷን ከልጅነቷ ጀምሮ በኦሮምኛ እንዲሁ ነው የምትጠራቸው፣ «ካሜራውንም ሊቆልፉብኝ ነው?»

«የምትቀርጪው እዚሁ አለልሽ ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ኢታናን በሩን ከፍተው ሸኙትና መልሰው ቆለፉ።

ለሊሴ ጉንዳኑን ቀረጸች። የጤና አዳሙን ቅጠል፣ የበሩን ዝገት፣ የጨው ፍሬ ሳይቀር ቀረጸች። በአራተኛው ቀን ከአያቷ ጉልበት ሥር ቁጭ ብላ ጥቂት ከቀረጸች በኋላ ስክሪኑን አዞረችላቸው።

ወይዘሮ ጋዲሴ ደነገጡ። የተሰነጣጠቀ፣ የተጠማዘዘ ነገር ስክሪኑን ሞልቶታል። «የባሕር ዛፍ ሥር ነው? መቼ ወጣሽ?»

«የእርስዎ እጅ ነው፣ አኮ።»

አተኩረው አዩ። ጣቶቹ መሐል የቁልፉ ጥርስ ብቅ ብሏል። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መጨበጣቸውን እንኳ አላወቁም ነበር።

«ለማን ብዬ የያዝኩት ይመስልሻል?»

«አውቃለሁ። ግን ግቢው አለቀብኝ።»

ወይዘሮ ጋዲሴ ጭብጣቸውን ፈቱና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ። ጃኬትም ያዢ። ፀሐይ ሳትጠልቅ…»

ለሊሴ ሌንሱን ከካሜራው ፈታችው፤ ለካ እንደ ጠርሙስ ክዳን በሁለት ዙር የሚወልቅ ኖሯል። ቁልፉን አንስታ፣ ሌንሱን በቁልፉ ቦታ አስቀምጣ፣ ካሜራዋን ይዛ በሩን ከፍታ ወጣች።