ስድስተኛው ቁራጭ

ልብስ ሰፊዋ ቀድመው የተሰፉትን ሁለት የመዘምራን ካባዎች መስኮቱ ላይ ሰቅላ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እንዳለች ራሷን ያዘች። የካባዎቹ ግራ ፊት ደማቅ ወይን ጠጅ ነው፤ ቀኝ ፊታቸው ግን ጥላ እንዳረፈበት ጠቁሯል። ቀረብ ብላ በመዳፏ ዳበሰችው። ግራው ወደ ታች ሲዳብሱት ይለሰልሳል፤ ቀኙ ይሻክራል። ከፋይ ጨርቅ ጠጉር አለው፤ ሁሉም ቁራጭ ወደ አንድ አቅጣጫ ካልተቆረጠ፣ ከአንድ ጣቃ ወጥቶ እንኳ ሁለት ቀለም ይመስላል። መቀስ ከጨበጠ አስራ አንድ ዓመት የሆነው ሰው ይህን ያጣዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ቆራጩ ዋርሳዋ ነው፤ የባሏ ታናሽ ወንድም። ጨርቅ ልቆጥብ ብሎ ቀኝ ቀኙን ቁልቁል ዘቅዝቆ ቆርጦታል፤ ያውም የአስራ ስምንቱንም ካባ። ካባዎቹ የሚፈለጉት ለእሁድ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው።

"ይቅርታ እትዬ፣" አለ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ማዶ ሆኖ፤ እሷ ገና ምን እንዳየች እንኳ አልነገረችውም።

አንጀቷን የሚያሳርራት ይሄው ነው። "ይቅርታ" ከዚህ ሰው አፍ የሚወጣው እንደ "እንደምን አደርሽ" ነው። ባለፈው ዓመት ለአንድ ሙሽራ ኮት ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጎ የቆረጠ ጊዜም ይቅርታ። የትምህርት ቤት ቀሚሶቹን በአንድ ቁጥር ያሳነሰ ጊዜም ይቅርታ። ሁለቱንም ጊዜ ይቅር ብላዋለች፤ ክርስቲያን ናትና ምን ታድርግ! ብቻ አባታችን ሆይ ስትጸልይ፣ የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ትንሽ ትፈጥናለች።

"ይቅር ብያለሁ፣" አለች ጥርሷን ነክሳ። "ከዛሬ ጀምሮ ግን መቀስ አትነካም። ቁልፍ ትተክላለህ።"

ዋርሳዋ የቁልፎቹን ሳጥን ይዞ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ምክር ይጎርፍ ጀመር። መጀመሪያ ባሏ ደወለ፤ ወሬው እንዴት እንደደረሰው እግዜር ይወቀው። ልጅ ነው፣ እለፊው አላት። ልጁ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ግንባሩ ላይ ፀጉሩ መሸሽ ከጀመረ ሰንብቷል። ቀጥላ የመዘምራኑ መሪ ራሷ መጣች። ካባዎቹን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ወዲያው ግን ድምጿን አለስልሳ፣ ምሕረት ያንቺ ጸጋ ነው፣ ዛሬ የምታስተምሪንም እኮ እሱኑ ነው አለቻት። እውነቷን ነው። ሰፊዋ በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ ለቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች መጽሐፍ ቅዱስ ታስተምራለች፤ የዛሬው ርዕስ ምሕረት ነው። ርዕሱን የመረጠችው ከወር በፊት፣ ማንም ባልበደላት ሰሞን ነበር። አሁን ሁሉም ይቅር በይ ይላታል፤ ቁጭ ብሎ ስፌቱን ልተርትርልሽ ያላት ግን አንድም ሰው የለም።

ጨርቅ ፍለጋ ወጣች። ሦስት ሱቅ ዞራ አራተኛው ዘንድ በዚያው ቀለም አንድ ጣቃ ተገኘ። ባለሱቁ የመጨረሻው መሆኑንና ከእንግዲህ ይህ ቀለም እንደማይመጣ ነገራት። ቀኝ ቀኙን እንደ አዲስ ለመቁረጥ ልክ ልኩን ይበቃል፤ አንድ ቁራጭ ከተበላሸ ግን አንዱ ዘማሪ ያለ ካባ መቅረቱ ነው። ጣቃውን ታቅፋ፣ ላብ በላብ ሆና ስትመለስ ዋርሳዋ ሁለቱን ካባዎች ተርትሮ ጨርሶ፣ ብጥስጣሹን ክር ከወለሉ ላይ እየለቀመ ነበር።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከዚያ ካሻሽ አባርሪኝ።"

"ደግሞ ምን ቀረህ?"

"ስድስተኛው ላይ አውቄዋለሁ። ስድስተኛውን ስቆርጥ እጄን ሻከረኝ። ያኔ ጠጉሩ እንደተገለበጠ ገባኝ።"

ሰፊዋ ጣቃውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። እንግዲህ የቀሩትን አስራ ሁለቱን እያወቀ ነው የቆረጠው። ደሟ ፈላ።

"እያወቅክ? አስራ ሁለት ካባ?"

"ፈራሁሽ።"

"እኔን? ሁልጊዜ ይቅር እያልኩህ?"

"ይቅርማ ትያለሽ፣" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ይቅር ካልሽኝ በኋላ ግን የኮቱን ነገር ስንቴ አነሳሽብኝ? ደንበኛ በመጣ ቁጥር 'ግራ እጁ' እያልሽ ታስቂብኛለሽ። አሁንም ብነግርሽ ሌላ ስም ይወጣልኛል ብዬ፣ ሲሰፋ ምናልባት አይታወቅም ብዬ ቆረጥኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ባንቺ አላሳብብም።"

ሰው አስራ ስምንት ካባ አበላሽቶ ቀልድሽ አስቀየመኝ ይላል? ምን ዓይነት ድርቅና ነው? በእሱ ተናደደች፣ በባሏ ተናደደች፣ በመዘምራኑ መሪ ለስላሳ ድምፅ ተናደደች። ከሁሉም የባሰው ግን ባለፈው ሳምንት እንኳ "ግራ እጁ" ብላ ሁለት ሴቶች ማሳቋ ትዝ ማለቱ ነው። አፈረች፤ ማፈሯ ደግሞ ሌላ ንዴት ሆነባት።

ትምህርቱ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። ጨርቁ ዛሬ ካልተቆረጠ ለእሁድ ተሰፍቶ አይደርስም። ትምህርቱን ሰርዛ ራሷ ልትቆርጠው መቀሱን አነሳች። ጥቂት ይዛው ቆየችና መልሳ ጣቃው ላይ አስቀመጠችው።

"ና ቁረጥ።"

"ቁልፉስ?"

"ቁልፉን እኔ እተክለዋለሁ።"

ዋርሳዋ ጠረጴዛው አጠገብ መጥቶ ቆመ፤ መቀሱን ግን አልነካም። "እትዬ፣ እዚሁ ቆመሽ እዪኝ። ብሳሳትስ?"

"ስድስተኛው ላይ ከተሳሳትክ ስድስተኛው ላይ ደውልልኝ። ሰባተኛውን ሳትነካ።"

"ትቆጪኛለሽ።"

"አዎ፣ እቆጣሃለሁ። ምን ልሁንልህ፣ መልአክ? እቆጣሃለሁ፤ አንተ ግን ደውል።"

ጫፉ ላይ ክር የተጣበቀበትን ቀሚሷን እንኳ ሳታራግፍ ወጣች። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስትደርስ ሴቶቹ ተሰብስበው፣ እሷ ራሷ ባወጣችው ደንብ መሠረት ስልካቸውን እያጠፉ ነበር። የመዘምራኑ መሪ የራሷን አጥፍታ ወደ ሰፊዋ እጅ ተመለከተች።

"የኔ ዛሬ አይጠፋም፣" አለች ሰፊዋ፤ ስልኳን መጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ አስቀምጣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው።