«ቁረጪ» ካለ በኋላ

«እማማ፣ የካሜራው ካርድ ላይ የለም» አለች የፊልሙ ኤዲተር፣ የወጥ ቤቱን በር በጀርባዋ ገፍታ እየዘጋች።

እትዬ የሻይ ብርጭቆ እያለቀለቀች ነበር። ሳሎኑ በለቀስተኛ ጢም ብሏል። ፊልም ሠሪው ታናሽ ወንድሟ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው።

«ምኑ ነው የሌለው?»

«የጋሼ የመጨረሻ ንግግር። ያን ቀን እርስዎ የቀረጹለት። ፊልሙ የሚዘጋው በሱ ነበር።» ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁለት ፋይል ነው ያለው። አንዱ ላይ ጋሼ ወንበር ሲያስተካክል ይታይና ‹ጀምሪ› ሲል ይቆማል። ሁለተኛው ‹ቁረጪ› ካለ በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ባዶ ወንበር ይታያል። መሀሉ የለም።»

«እንዴት ሆኖ? እኔ እኮ ልክ ‹ጀምሪ› ሲለኝ ነው የተጫንኩት!»

ኤዲተሯ ከንፈሯን ነከሰች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የዚያ ካሜራ ማስጀመሪያውም ማቆሚያውም አንዲት ቁልፍ ናት። እሱ ሊሞክራት ተጭኗት ኖሮ፣ ማጥፋቱን ረስቶ ሄዶ ተቀመጠ። እትዬ «ጀምሪ» ስትባል አቆመችው፤ «ቁረጪ» ስትባል አስጀመረችው። አርባ ዓመት ሙሉ ከካሜራ ጋር የኖረ ሰው! ሕመሙ እጁን ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንም አድክሞት ነበር ማለት ነው።

«ለመሆኑ ምን ነበር ያለው? እርስዎ ካስታወሱት እኮ በጽሑፍም ቢሆን እናስገባዋለን።»

እትዬ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ምን ነበር ያለው? ያን ቀን እንዳላበላሽ፣ እንዳላበላሽ እያለች ዐይኗን ከቁልፏ ላይ አልነቀለችም። ወንድሟ የመጨረሻ ንግግሩን ሲናገር ክፍሉ ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ነበረች። እሷም ጣቷን ስታይ ሳትሰማው ቀረች።

«አላስታውስም» አለች። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ እኔው ነኝ።»

ልጅቷ ብታባብላት፣ ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ ብትምልላት፣ ወይ ፍንክች።

እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። ወንድሟን እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው በዚያች በምትንቀጫቀጭ የስፌት መኪናዋ ነው። እሱ ደግሞ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሲኒማ ቤት በር ላይ ቲኬት ሊቀድ ገባና አንዱን ፊልም አርባ ጊዜ አይቶ ልቡ እዚያው ቀረ። በደንበኛዋ በኩል፣ ስንት ደጅ ጠንታ፣ ጠረጴዛና ማኅተም ያለው የቢሮ ሥራ አስገባችው። አሥራ አንድ ወር ሠርቶ፣ የቀረጻ ገመድ ልጎትት ብሎ ጥሎት ወጣ። ገመድ!

የመጀመሪያ ፊልሙን ጨርሶ፣ «እትዬ፣ ነይና እይልኝ» ብሎ ሲለምናት፣ «ሥራ የያዝክ ቀን መጥቼ አያለሁ» አለችው። አይ እትዬ! እልኸኛ ናት፤ ካለች አለች ነው። ከዚያ በኋላ አምስት ፊልም ሠራ፤ አንዱንም አላየችም። እሱም ቂም አልያዘም። በጠዋት ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምላታል፤ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ የሚታጠፈውን ኮሌታውን እያቃናች፣ «ደግሞ ዛሬ የት ልትንከራተት ነው?» ትለዋለች።

ሳሎን ስትመለስ ገመዴ እያወራ ነበር። ገመዴ የመብራት ባለሙያው ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣለት ወንድሟ ነው።

«ሰባት ዓመት ነው የፈጀው ያ ፊልም» ይላል። «ፕሮዲዩሰር የሚባል የለን። ጠዋት ድርሰቱን ይጽፋል፣ ከሰዓት ቀረጻ የሚፈቅድልን ፍለጋ በር ያንኳኳል፣ ቅዳሜ እንቀርጻለን። ካሜራ ካላገኘን ደግሞ ለከርሞ። አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ጎዳና ሲሻገር ያያችሁት፣ በሩን የከፈተው በአንደኛው ዓመት ነው፤ መንገዱን የተሻገረው በስድስተኛው። ማን ነቃ? ማንም! ሸሚዙ እንኳ አንድ ነው።»

እትዬ ትሪውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «ሰማያዊ፣ ነጭ መስመር ያለው?»

«እንዴ እማማ፣ አይተውታል?»

አላየችውም። ሰፍታዋለች። ሦስት ጊዜ፣ ያንኑ ልክ፣ ያንኑ ጨርቅ፣ ከሱቅ ሱቅ ዞራ ፈልጋ። በሦስተኛው ጊዜ፣ «ይኼ ሰውዬ ሌላ ሸሚዝ አያምረውም?» ብላ ወንድሟን ተቆጥታው ነበር። ለካ የሰባት ዓመቱን ቀረጻ የአንድ ቀን ያስመሰለችው እሷ ናት።

«እኔን ሥራ ያስጀመረኝ እሱ ነው» አለ ገመዴ፣ ዐይኑን እየጠረገ። ከጎኑ የተቀመጠችው ሜካፕ ሠሪ፣ «እኔንም» አለች። ድምፅ ቀራጩም። ከመስኮቱ ሥር፣ ዛሬ ፎቶው አደባባይ ላይ የሚሰቀለው ዳይሬክተር ከመቀመጫው ተነሣ። «እኔ መጻፍ የተማርኩት ጋሼ የሰረዛቸውን ገጾች ከቅርጫት እያወጣሁ ሳነብ ነው» አለ። «ለሌሎች በሰው ስም የጻፋቸው ዘጠኝ ድርሰቶች አሉ፤ አንድ ቀን ‹የኔ ናቸው› ብሎ አያውቅም።» ነገሩ ከወንበር ወንበር እየዞረ ቤቱን አዳረሰ። እትዬ ትሪውን አስቀምጣ፣ አፏን ይዛ አየቻቸው። ይኼ ሁሉ ሰው፣ ይኼ ሁሉ እንጀራ፣ ሥራ የለውም ስትለው ከኖረችው ሰው እጅ የወጣ ነው። ጉድ ነው! እሷ ግን የዚህን ሰው የመጨረሻ ቃል አጠፋች። ሆድ ባሳትና ወደ ጓዳ ገባች።

ኤዲተሯ በአራተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ ተመለሰች። ዐይኖቿ አብጠዋል። ሰላምታም ሳትሰጥ እትዬን በክንዷ ይዛ ወደ ስፌት ክፍሉ አስገባቻትና ላፕቶፑን የስፌት መኪናዋ ላይ አስቀመጠችው።

«ሁለተኛውን ፋይል ባዶ ወንበር ብዬ ትቼው ነበር። እስከ መጨረሻው አላየሁትም፤ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ይዩ።»

ባዶ ወንበር። ከካሜራው ኋላ የእትዬ ድምፅ፦ «ጨረስን? አበላሸሁ እንዴ?»

«ምን በወጣሽ! እንደ ባለሙያ ነው ያደረግሽው።»

የሚወዳትን ነጭ ሸሚዝ እንደለበሰ፣ ከስቶ፣ ወንበሩን ተደግፎ ወንድሟ ብቅ አለ። ወደ ካሜራው ዞር ሲል ቀጥ ብሎ ቆመ። የሆነ ነገር አየ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ ድንጋጤ፣ ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ፈገግታ መጣች።

«እዚህ ጋ ነው» አለች ኤዲተሯ። «ከፊት ያለችው ቀይ መብራት በርታለች። ምን እንደተፈጠረ ገባው። አጥፍቶ ንግግሩን መድገም ይችል ነበር።»

አላጠፋም። ሄዶ ሌላ ወንበር አመጣ፤ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠው፤ ቆም ብሎ አየና ወደ ብርሃኑ ግማሽ እርምጃ ሳበው። እትዬ ያን ጊዜ ለወገቧ ያሰበላት መስሏት ነበር።

«ነይ እስቲ ትንሽ አረፍ በይ። እትዬ፣ ያቺን አንሶላ ታስታውሻለሽ?»

«የእማዬን? ኩፍኝ ይዞህ ከቤት አትውጣ የተባልክ ጊዜ?» ስክሪኑ ላይ ያለችው እትዬ ሳቀች። ብርሃኑ ግማሽ ፊቷ ላይ አርፏል፤ እንዲህ ቆንጆ መሆኗን ማንም ነግሯት አያውቅም። «ገመድ ላይ ሰቅዬ፣ ከኋላ መብራት አድርጌ፣ ከካርቶን ሰው ቆርጬ ጥላውን አሳይህ የነበረው? ፈረሱንማ በመቀሴ አንድ እግሩን ገነጠልኩት!»

«ለምን ያነክሳል ብዬ አለቀስኩ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ሌላ ካርቶን የለ። የሚያነክስ ፈረስ ታሪክ ፈጠርኩልህ። ሳምንት ሙሉ ‹ከዚያስ? ከዚያስ?› እያልክ አላስተኛ አልከኝ!»

«የተበላሸውን ታሪክ አደረግሽው» አለ፣ አንዴ ወደ ካሜራው፣ ቀጥሎ ወደ እሷ እያየ። «እኔ ከዚያ በኋላ የተማርኩት ነገር የለም፣ እትዬ። ያንኑ ስሠራ ነው የኖርኩት።»

ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ ተቀመጠ።

«እና አሁንስ? ሥራ ይዣለሁ?»

«ሂድ ወዲያ!» አለችው እየሳቀች፣ ትከሻውን መታ አድርጋ።

ከላፕቶፑ ፊት የተቀመጠችው እትዬ ግን አልሳቀችም። «ይዘሃል» አለች፣ ለስክሪኑ። «ይዘሃል፣ የኔ ጌታ። መጥቼ አየሁልህ።»

«የጠፋው ንግግር ከዚህ አይበልጥም ነበር» አለች ኤዲተሯ በሹክሹክታ። «ፊልሙ በዚህ ነው የሚዘጋው።»

ወንድሟ ከወንበሩ ተነሣ። «አንቺ አትንኪው፤ እኔ አጠፋዋለሁ» አለ። እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣና ፊቱ ስክሪኑን ሞላው። ወደ ቁልፏ ጎንበስ ሲል፣ እንደ ልማዱ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር።

የእትዬ እጅ ሳታስበው ተነሣ። ሁለት ጣቶቿን የስክሪኑ መስታወት ላይ፣ ኮሌታው ጋ አሳረፈች።

ኤዲተሯ ቶሎ ብላ ምስሉን አቆመችላት፣ እስክታቃናለት።