ያላየችው ፓምፕ

ሒክማ የጋሽ ወልዴን ስልክ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ትረግጣለች። አርዲቦ ሐይቅ ዳር፣ ከሽንኩርቱ መደብ ራስጌ፣ ኔትወርኩ ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። የፓምፑ ሊንክ ተከፍቶ "ይዘዙ" የሚለው ቢመጣ ሽማግሌው በጣታቸው ይነኩታል፤ እሷም ከሽያጩ፣ ከመቶው ብር ስምንት ብር፣ ይታሰብላታል። በሷ ሊንክ ሳይገቡ ለሻጩ በቀጥታ ከደወሉ ግን ድካሟን ውሃ በላው። ሁለት ጊዜ እንደዚያ ሆኖባታል።

"ኧረ አረፍ በይ ልጄ" አሉ ጋሽ ወልዴ፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። "ሽንኩርቱ ዛሬ አይሞት።"

"ትንሽ ነው የቀረው ጋሼ። ያውና፣ እየዞረ ነው።"

ሒክማ ማረፍ ከተወች ቆይታለች። ሐይቅ ከተማ የነበራት የጨርቅ ሱቅ በሁለት ሺህ አሥራ አራቱ ጦርነት ተዘርፎ፣ ከሽሽት ስትመለስ መደርደሪያው እንኳ አልጠበቃትም። ቆይቶ ደግሞ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። እንደ ተመለሰ የቀራትን ገንዘብ ከፍላ በስልክ የመሸጥ ሥልጠና ወሰደች። "ስልክሽ ሱቅሽ ነው፤ ሊንክ ትለጥፊያለሽ፣ ተኝተሽ ገንዘብ ይገባልሻል" አሏት አሠልጣኞቹ። አምስት ወር ሙሉ ቴሌግራም ላይ ለጠፈች። ስድስት መቶ ተከታይ አፈራች፣ ግማሹ ዘመድ። ልብ ይልኩላታል፣ "ማሻአላህ" ይጽፉላታል፤ የሚገዛ ግን የለም። ገንዘቡ ቀርቶ እንቅልፉም ሄደ፤ ምሳ ቀርቦላት እንኳ ስልኳን ታገላብጣለች።

ኋላ ገባት። የዚህ አገር ሰው ሊንክ አያምንም፣ ሰው ነው የሚያምን። ቤንዚን ስለተወደደ ገበሬው በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ እንደሚፈልግ ስታውቅ በእግሯ ተነሳች። ከሁለት ሳምንት በፊት የሟች አባቷ ወዳጅ የነበሩት ጋሽ ባዬ፣ ውጫሌ ላይ፣ በሷ ሊንክ አንድ አዘዙ። የመጀመሪያ ሽያጯ ነበር። ያን ቀን ብቻዋን ስቃለች። ጋሽ ወልዴ ሁለተኛው ሊሆኑ ነው።

የጋሽ ወልዴ የልጃቸው ሚስት ሰርካለም በሁለት ጀሪካን ውሃ ይዛ ከሐይቁ ወጣች። ጀሪካኖቹን መደቡ አጠገብ አስቀምጣ ወገቧን ያዘች።

"ሒክማ፣ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ" አለች። "'እኔው ሞክሬ ያረጋገጥኩት' ይላል። የት ሞከርሽው? እናንተ ማሳ አላችሁ እንዴ?"

የሒክማ ፊት ጋለ። ጽሑፉን ያዘጋጁት ሻጮቹ ነበሩ፤ እሷ ገልብጣ ለጠፈችው እንጂ አንድ ቃል አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም።

"ጽሑፉ ከነሱ ነው የመጣው።"

"ታዲያ አላየሽውም?"

"በፎቶ ነው ያየሁት።"

ጋሽ ወልዴ ጎንበስ ብለው ከመደቡ አንድ አረም ነቀሉ።

በዚህ መሃል የሒክማ የራሷ ስልክ ጠራ። ጋሽ ባዬ ናቸው።

"ደህና ዋልሽ ልጄ? ፓምፑ መሥራቱን ይሠራል፣ ያጉረመርማል። ውሃው ግን ቱቦው ወገብ ላይ ይደርስና ይቆማል። ማሳዬ ከወንዙ ሽቅብ ሩቅ ነው፣ ገደሉን ታውቂው የለ?"

"ለሻጮቹ ደወሉላቸው?"

"ደወልኩ። የተሸጠ አይመለስም አሉኝ። እኔ እነሱን የት አውቃቸዋለሁ፤ የማውቅሽ አንቺን ነው። አባትሽ በሕይወት ቢኖር…" ብለው አቆሙ። ከሚናገሩት ይልቅ ማቆማቸው አንገበገባት።

"አብሽሩ ጋሼ፣ እደውላለሁ" ብላ ዘጋችና ወዲያው ለሽያጭ ሠራተኛው ደወለች።

"ይህ ፓምፕ ውሃውን ስንት ሜትር ሽቅብ ያወጣል?"

"እህቴ፣ የአንቺ ሥራ ሊንኩን ማስነካት ነው። ሌላውን ለኛ ተይው።"

"ስንት ሜትር?"

ሰውዬው ተነፈሰ። "እስከ ሰባት። ግን እንዳትጽፊው፣ ገዢ ያስፈራል።"

የሰማችውን ሳትደብቅ ለሁለቱ ነገረቻቸው። ሰርካለም ጀሪካኑን ትታ ወደ ቤት ሮጠች፤ የእርከን ሥራ ላይ የምትይዘውን ገመድና ውሃ ልክ ይዛ ተመለሰች። አንዷ ከሐይቁ ዳር፣ አንዷ ከመደቡ በኩል እንጨት ተክለው፣ ገመዱን ወጥረው፣ ደረጃ በደረጃ ሽቅብ ለኩ። ሒክማ በጫማዋ ጭቃ ውስጥ ገባች፤ ግድም አልሰጣት።

"አራት ሜትር ተኩል" አለች ሰርካለም።

ጋሽ ወልዴ ሳቁ። "እንግዲያው ለኛ ይበቃል! በማርያም፣ ይህችን ነገር ቀድመሽ ብትለኪ ምን ነበረበት? በይ አምጭው ስልኩን፣ ልንካው።"

ኔትወርኩም እንደ ተጠራ ሰው መጣ። "ይዘዙ" የሚለው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ሽማግሌው አመልካች ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ውሸት የለበትም አሁን፤ ለክታለች፣ ነግራቸዋለች፣ ገንዘቡም ሐላል ነው። ሒክማ ይህን ሁሉ አሰበች። ስልኩን ግን አልሰጠቻቸውም።

"ቆይ ጋሼ። ውጫሌ አንድ ፓምፕ ያለ ሥራ ተቀምጧል። ባለቤቱን እኔ ነኝ ያስገዛኋቸው። ላምጣው፤ እዚሁ በዓይንዎ ፊት ይሞከር። ከሠራ ከባለቤቱ ጋር በዋጋው ይስማሙ። ካልሠራ ደግሞ አዲሱንም አይግዙ።"

"አንቺስ? ምን ታገኛለሽ?"

"ከዚህኛው ምንም።"

"ይህች ልጅ ነጋዴ አትሆንም" አለች ሰርካለም። ድምጿ ግን ከቅድሙ ለዝቧል። "መንገዱ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ተኩስ ነበር አሉ።"

"እኔም ሰምቻለሁ።"

"ነገ ብትሄጅስ?"

"ነገ ይከፈት አይከፈት በምን አውቃለሁ?"

ጋሽ ወልዴ ስልካቸውን ተቀብለው አጠፉት። "እጠብቃለሁ" አሉ። "እስከ ቅዳሜ በጀሪካን እናጠጣለን፤ ከዚያ በላይ ግን ችግኙ አይችልም።"

በባጃጅ ሐይቅ ከተማ ደረሰች። ከመናኸሪያው ደጅ ረዳቶቹ "ደሴ፣ ደሴ!" እያሉ ይጣራሉ፤ ወደ ሰሜን የቆመው አንድ ሚኒባስ ብቻ ነው፣ እሱም ግማሹ ባዶ።

"ውጫሌ ትደርሳላችሁ?"

"እንደርሳለን" አለ ረዳቱ። "መመለሻውን ግን አላህ ነው የሚያውቀው። ተመላሽ ከሆንሽ ባትገቢ ይሻላል።"

ቤቷ ከዚያ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። እዚያ ቁጭ ብላ ሌላ ጽሑፍ መለጠፍ፣ ሌላ ገዢ መጠበቅ ትችላለች። አንድ እግሯን የሚኒባሱ ደረጃ ላይ እንዳደረገች ለጋሽ ባዬ ደወለች።

"ጋሼ፣ ፓምፑን ከነሶላሩ ፈትተው ይጠብቁኝ" አለች፤ ሌላውንም እግሯን አስገባች።